ምስር የማታሳልፍ ወንፊት

፩

«ያቺ መኪና ሙሽራ አትወድም።»

ይህን የምትለው እትዬ እታገኝ ናት፤ አበባ ሻጭ፣ የሙሽራ መኪና አስጌጭ፣ ያልተጠየቀችውን መላሽ። ለጥበቃው ትነግረዋለች። ለጎሚስታው ትነግረዋለች። ጎማ ሊያስነፋ ለቆመ መንገደኛ ሁሉ ትነግራለች።

«ሁለት ሙሽራ መንገድ ላይ ጥላለች። ሰው ብቻውን ሲነዳት ለጥ ብላ ትሄዳለች። ቬል ስታይ ግን ደሟ ይፈላል። ቀናተኛ ናት።»

«እትዬ እታገኝ» አልኳት፣ «መኪና ውሃና አየር ነው የሚፈልገው። ባል አይፈልግም።»

«እንዳንቺ ማለት ነው» አለችኝ።

ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ። ሦስተኛዋ ሙሽራ ያን ጊዜ ገና አልመጣችም ነበር።

፪

ፀዳለ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የምሠራው አዳማ፣ አቶ ገዛኸኝ ጋራዥ ውስጥ ነው። ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሙያዬን ያስተማረኝ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው፤ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወሩ ሰዎችን እጅ እያየሁ ተማርኩ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም። እጃቸው ግን ይገባኛል። በዚህ ከተማ ከእኔ በላይ ራዲያተር የሚያውቅ ካለ ይምጣ።

(አልመጣም። እስከ ትናንት ድረስ።)

ጽሑፉን በቁጥር የከፋፈልኩት ለማሳመር አይደለም። ሞተር ሲፈታ ብሎኑ በየጣሳው ተለይቶ ይቀመጣል፤ አለዚያ ሲገጠም ይተርፋል።

፫

መኪናዋ።

ቀይ። ጣራዋ የሚከፈት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ሙሽሮቹ የሚቀመጡት እሱ አናት ላይ ነው ማለት ይቻላል። ራዲያተሮቿ ግን ከፊት ናቸው፣ አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ፣ ከፓራውልቱ፣ ከፊት መከላከያዋ ኋላ። ፓራውልቱ ላይ ሁለት የተከፈቱ አፎች አሉ። በእነሱ አየር ትስባለች። አየር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እዚህ አገር ግን መንገዱ የሚተፋውን ሁሉ ትውጣለች፦ ጠጠር፣ ፌስታል፣ ከወንጂ ጭነት የሚረግፍ የሸንኮራ ገለባ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ የእርግብ ክንፍ።

አቶ ገዛኸኝ ለሠርግ ያከራዩአታል። ከሁለተኛዋ ሙሽራ በኋላ ስንፈትሻት የግራው ራዲያተር በጠጠር ተበስቶ አገኘነው። ቀየርነው። አቶ ገዛኸኝ ጠሩኝ።

«ፀዳለ፣ ለዚህች አፍ የሚሆን አንድ ነገር ሥሪልኝ።»

ሌሎቹን ወንዶች አልጠሩም። እኔን ጠሩ።

፬

መመሪያ፦ ራስህ ልትሠራው ካማረህ

ሀ. ካርቶን ውሰድ። የፓራውልቱን አፍ ቅርጽ ካርቶኑ ላይ አስምር።

ለ. የወፍጮ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ግዛ። የመስኮት ትንኝ መከላከያ አትግዛ፤ በሁለት ሳምንት ጨርቅ ይሆናል።

ሐ. ከካርቶኑ ሁለት ጣት አስፍተህ በላሜራ መቀስ ቁረጥ። ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፍ። አለዚያ እሷንም ይቧጭራታል፣ አንተንም።

መ. ጥቁር ቀባው፤ ስስ አድርገህ። ወፍራም ቀለም ቀዳዳ ይደፍናል።

ሠ. በላስቲክ ማሰሪያ እሰረው። መኪናዋ ላይ ያልነበረ ቀዳዳ አትብሳ።

ረ. የቀዳዳውን ስፋት ምረጥ፦ ሽምብራ የማታሳልፍ ወይስ ምስር የማታሳልፍ።

«ረ» ላይ ቁም።

እኔ አልቆምኩም።

፭

ጋሽ በዳዳ የመኪናዋ ሹፌር ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ። ሠላሳ አንዱን ዓመት ጭነት መኪና ላይ አሳልፏል፣ ግማሹን በኤንትሬ፣ በአሰብ መንገድ። አንድም ኩንታል አልገለበጠም። ይህን ራሱ ሲናገር አልሰማሁትም፤ ሌሎቹ ናቸው የሚሉት።

ወንፊቱን በእጁ አነሳና ወደ ፀሐይ አድርጎ አየው።

«ልጄ፣ ምስር የማያሳልፍ ነገር አየር ያሳልፋል?»

«አየር ከምስር ይቀጥናል ጋሼ።»

«በሽምብራው ብታደርጊውስ? ራዲያተር የሚበሳው እሱን የሚያህለው ነው። አሸዋው ይለፍ፤ አሸዋ ምን ያደርጋታል?»

«ይህቺ እኮ ደብረ ብርሃን ላይ ለብርድ ካርቶን የምታስሩላት ኤንትሬ አይደለችም። ካላመንክ ቪዲዮውን ላሳይህ።»

ጎሚስታው ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ በዳዳም አልተቀየመም።

«ለራዲያተሩ ሠራሽለት» አለ። «ለአፍሽ መቼ ነው የምትሠሪለት?»

ቪዲዮውን አላሳየሁትም። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የገጠመው ሽምብራ የማታሳልፈውን ነበር። እኔ ምስሩን የመረጥኩት ከሩቅ ሲያዩት ስለሚያምር ነው፤ ጥቁር ዳንቴል ይመስላል።

፮

ገጠምኩት። አማረ። በጀርባው በነጭ ቀለም «ፀዳለ ወንፊት» ብዬ ጻፍኩና ስልክ ቁጥሬን ጨመርኩ። ከውጭ አይታይም።

አቶ ገዛኸኝ ሁለት ጊዜ ዞሩት። «ከፋብሪካ የመጣ ነው የሚመስለው» አሉ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ከደስታ።

፯

(ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ።)

የመጀመሪያው፦
በጥር፣ በሠርጉ ጠዋት፣ እትዬ እታገኝ አበባውን ወንፊቱ ላይ አሰረችው።

ሁለተኛው፦
በጥር፣ በሠርጉ ጠዋት፣ እትዬ እታገኝ አበባውን ወንፊቱ ላይ አሰረችው። እኔ ሌላ መኪና ሥር ነበርኩ።

ሦስተኛው፦
እትዬ እታገኝ ድሮ አበባውን ኮፈኑ ላይ በፕላስተር ነበር የምትለጥፈው፤ ፀሐይ ሲመታው ይረግፍባት ነበር። ወንፊቱን ስታይ እልል አለች። «ውይ እጅሽ ይባረክ! ማሰሪያ እኮ ነው የሠራሽልኝ!» አለችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። ሰው ስለ ሥራዬ ስሞኝ አያውቅም። «ፎቶው ሁሉ ከፊት ነው የሚነሳው» አለች፣ «ሥራሽ በየአልበሙ ሊገባ ነው።» ሽቦና ፒንሳ አቀበልኳት። የቀኙን አፍ በጽጌረዳና በነጭ ጥብጣብ ሞላችው።

የግራውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

እኔ።

፰

የስልክ ንግግር

(ከማስታወስ የተጻፈ። አንድም ቃል አልረሳሁም፤ ብረሳ ደስ ባለኝ።)

ሰዓት፦ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፏል።
እኔ፦ ጋራዥ። እሱ፦ ትልቁ አደባባይ ላይ፣ በሙሽራ አጀብ መሀል፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት።

ጋሽ በዳዳ፦ ፀዳለ!

እኔ፦ አቤት ጋሼ።

ጋሽ በዳዳ፦ የሙቀት መርፌዋ ወጣችብኝ እኮ።

እኔ፦ የት ደረሰች?

ጋሽ በዳዳ፦ ቀዩን ልትነካ ነው።

(ክላክስ። ጭብጨባ። ክላክስ።)

እኔ፦ ስንት ዞራችሁ?

ጋሽ በዳዳ፦ ሦስተኛችን ነው። ቪዲዮ አንሺው አልጠግብ አለ። ስሚ፣ ጥግ ይዤ አበባውን ላንሳው? እሱ መሰለኝ አየር የከለከላት።

(ጎሚስታው ወዳለበት ዞሬ አየሁ።)

ጋሽ በዳዳ፦ አለሽ?

እኔ፦ አበባውን እንዳትነካ።

ጋሽ በዳዳ፦ እህ?

እኔ፦ ጌጁ ነው። ሴንሰሩ ነው የሚዋሸው። ዝም ብለህ ንዳ፤ የሶደሬን መንገድ ስትይዝ ንፋስ ያገኛትና ይወርዳል።

ጋሽ በዳዳ፦ እርግጠኛ ነሽ ልጄ?

እኔ፦ ጋሼ፣ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?

ጋሽ በዳዳ፦ ኧረ እኔ ምን አውቄ። እሺ።

፱

እሺ።

፲

ስልኩን ስዘጋ የማውቀው ይህን ነው፦

ጌጁ አይዋሽም። ጠዋት ፈትሼዋለሁ።

አበባው ቢነሳ መርፌዋ ትወርዳለች ብዬ አምኛለሁ። መርፌዋ ከወረደች ደግሞ ማታ ጋሽ በዳዳ በጎሚስታው ፊት «አየሽ፣ ሽምብራው ይሻል ነበር» ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። ቂም ሳይዙ፣ እንደ ወትሮው።

ያችን ሳቅ ፈርቼ ነው።

ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ የሚመጥን፣ ትንሽ ትልቅ የሆነ ምክንያት። የለም።

፲፩

የሆነው።

ከከተማ ወጥተው ሶደሬ ሳይደርሱ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ነጭ እንፋሎት ተነሳ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ጋሽ በዳዳ አላየውም። ከፊት ፒክአፕ ላይ የተንጠለጠለው ቪዲዮ አንሺ ግን አየው፤ ሰዎቹ የጭስ ማሽን ያስገጠሙ መስሎት ጮኸ።

«ጭሱ አሪፍ ነው! እንዳታቆሙ! ሙሽሪት፣ ቬሉን ልቀቂው!»

ሙሽሪት ቬሉን ለቀቀችው። ፈገግ አለች። ቪዲዮው ላይ አለ፤ ከተማው በሙሉ በስልኩ ተቀባብሎ አይቶታል። ቬሉና እንፋሎቱ አብረው ይነሳሉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ድስት ከእጅ የወደቀ የሚመስል። ከዚያ ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ተሸክመው ሲሮጡ። ከዚያ ጋሽ በዳዳ ባዶ እጁን ሁለት ጊዜ ወደ ሞተሩ ዘርግቶ ሁለት ጊዜ ሲመልስ።

ቴስታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ተጣመመ። ሙሽሪት የሠርጓ አዳራሽ የደረሰችው በባጃጅ ነው።

፲፪

መኪናዋን ጎትተው ሲያመጧት መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። አበባውን በፒንሳ እየቆረጥኩ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ጽጌረዳ ዘይት ውስጥ ቶሎ አይሰምጥም። በዱላ ገፋሁት።

እትዬ እታገኝ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አየኋት። እሷም አስራለች፣ እኔም አስሬያለሁ።

ዞር አለችና ለጥበቃው «አላልኩህም?» አለችው። «ሙሽራ አትወድም።»

ያን ቀን አልሳቅኩባትም።

፲፫

የብልሽት ሪፖርት

የመኪናው ዓይነት፦ ስፖርት፣ ባለ ሁለት በር
ቀለም፦ ቀይ
የደረሰው ጉዳት፦ ቴስታ ተጣሟል፤ ሞተር ከአገልግሎት ውጭ
የፊት ራዲያተሮች ሁኔታ፦ ደህና
የወንፊቱ ሁኔታ፦ ንጹሕ፤ ምንም ያገደው ነገር የለም
ምክንያት፦ የሹፌር ቸልተኝነት
የመረመረው ባለሙያ ስም፦ ፀዳለ*

* «ባለሙያ» የሚለውን ቦታ ስሞላ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ጽሕፈቴን አሳምሬያለሁ።

፲፬

ጉዳዩ በሽማግሌ ተያዘ። እሑድ ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፦ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ የዕድር ዳኛ፣ የሙሽራዋ አጎት። አቶ ገዛኸኝ በአንድ ወገን፣ ጋሽ በዳዳ በሌላ ወገን። እኔን ለማስረዳት ነው የጠሩኝ። ስለ ውሃ ዝውውር፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ግፊት አስረዳኋቸው፤ መሬቱ ላይ በእንጨት ሥዬ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የዕድሩ ዳኛ «እንዲህ ያለች ልጅ አለችን እንዴ?» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ጠየቁኝ።

«በዳዳ ደውዬላታለሁ ነው የሚለው።»

«ደውሏል።»

«ንዳ ብላኛለች ነው የሚለው።»

«ጥግ ይዘህ አቁም ነው ያልኩት።»

ጋሽ በዳዳ ከወንበሩ ተነሳ። ይጮኻል ብዬ ነበር።

«ፀዳለ» አለኝ፣ «እኔን እያየሽ ድገሚው።»

የሸሚዙን ቁልፍ እያየሁ ደገምኩት። ከላይ ሁለተኛዋ ናት። በሌላ ቀለም ክር የተሰፋች።

«እሺ» አለ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ።»

ሰው እንዲህ እንዲለኝ ዕድሜ ልኬን ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

፲፭

ሽማግሌዎቹ የወሰኑት፦ በዳዳ የሙሽራዋን ቤተሰብ ይቅርታ ይጠይቅ። መሪውን ያስረክብ።

ጠየቀ። አስረከበ።

ከዚያ በኋላ ለሠርግ የቀጠረው የለም። ለጭነትም የለም። የባጃጅ ልጆች ስም አወጡለት፦ ቀቃዩ። «ጋሽ ቀቃዩ፣ ዛሬ ማንን ልትቀቅል ነው?» ይሉት ነበር። መጀመሪያ ይስቅ ነበር አሉ። ኋላ በዚያ በኩል ማለፍ ተወ።

እኔ እድገት አገኘሁ። አሁን ሁለት ሠራተኛ አለኝ። አቶ ገዛኸኝ «ባለሙያዋ» ይሉኛል። ሲጠሩኝ ሁሉ የሸሚዝ ቁልፍ ይታየኛል።

፲፮

በሚያዝያ ቤቱ ሄድኩ። ሁለት ኪሎ ስኳርና ብርቱካን ይዤ፣ የታመመ እንደምጠይቅ ሁሉ። ልጁ ሌንሳ በሩን ከፈተችልኝ። በእኔ ዕድሜ ናት፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች።

«ጋሽ በዳዳ አለ?»

«ተኝቷል።»

ከውስጥ ሬዲዮ ይሰማል። ሰው ጣቢያ እየቀየረ ነው።

«ስትነቂ— ሲነቃ ፀዳለ መጥታ ነበር በይው።»

«ያውቃል» አለች። «በመስኮት አይቶሻል።»

ስኳሩን አልተቀበለችኝም። አልሰደበችኝም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፣ የተኛ ሰው ያለበት ቤት እንደሚዘጋ።

አንተ ብትሆን ከበሩ ውጭ ቆመህ ትጮህ ነበር። «እኔ ነኝ የዋሸሁት!» ትል ነበር። ጎረቤት ይወጣ ነበር። አውቃለሁ፣ አንተ ጎበዝ ነህ። እኔ ብርቱካኑን ይዤ በእግሬ ተመለስኩ፤ በመንገድ ላይ ሁለቱን በላሁ።

፲፯

ሐምሌ።

በመኪና አይደለም። በኩላሊት።

የጋሽ በዳዳ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሁለት የጭነት መኪና ሹፌሮች ነበሩ፤ ስለ አሰብ መንገድ፣ ስለ ኤንትሬ፣ ስላልተገለበጠ ኩንታል ያወራሉ። ከዚያ አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መጨረሻው ባያምርም» አለ።

መልስ ነበረኝ። አፌ ውስጥ ነበር።

ንፍሮ አዞሩ። ቆነጠርኩ።

፲፰

እንግዲህ ልናገር። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለሌንሳ ነው። «አንቺ» እያልኩ ነበር የምጽፈው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ፈራሁና «አንተ» አደረግሁት፤ አንተን ስለማላውቅህ አላፍርህም ብዬ። ተሳስቻለሁ፤ አንተንም አፈርኩህ።

ነገ እሰጣታለሁ ብዬ ነበር። ለሽማግሌዎቹም ግልባጭ አዘጋጅቻለሁ። ስሙ ይመለስለት፤ ቢያንስ ልጁ የቀቃዩ ልጅ አትባል። በአበባና ምስር በማታሳልፍ ወንፊት ያቺን መኪና ያቃጠልኳት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም ብዬ ፈርሜበታለሁ። የሠራሁትን ጥፋት ለመደበቅ ሰው ከሰስኩ፤ ይኸው ጥፋቱ፣ ይኸው ሰውዬው። ንጹሕ ኑዛዜ ነው። ቁጥሩም እኩል አለቀልኝ፦ አሥራ ስምንት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ።

፲፱

ሰውዬው፦ ሄሎ፣ ፀዳለ ወንፊት?

እኔ፦ አቤት።

ሰውዬው፦ ከአዲስ አበባ ነው። መካኒክ ነኝ። ያቺን ቀይ መኪና ከአቶ ገዛኸኝ ገዝተናት ሞተሯን አውርደን እየፈታን ነው። ቁጥርሽን ወንፊቱ ጀርባ ላይ አገኘሁት።

እኔ፦ ወንፊቱ ምን ሆነ?

ሰውዬው፦ ምንም። ለሱ ነው የደወልኩልሽ። ሁለቱም ራዲያተር አዲስ እንደወጣ ናቸው፤ አንዲት ጠጠር አልነካቻቸውም። እንደዚሁ ዓይነት ለሌላ ደንበኛ ትሠሪልኛለሽ?

እኔ፦ ቀዳዳው አልጠበበም?

ሰውዬው፦ ኧረ ለክቼዋለሁ፣ በደንብ ያሳልፋል።

እኔ፦ አበባ ቢታሰርበትስ?

ሰውዬው፦ (ሳቅ) ሙሽራ ነበረች ለካ! አበባ ትንሽ ያሞቃት ይሆናል እንጂ ሞተር አያቃጥልም። እሷን የገደላት የውሃ ፓምፑ ነው እህቴ።

እኔ፦ የቱ?

ሰውዬው፦ የውሃ ፓምፑ። ክንፎቹ ረግፈው አንዷ ብቻ ናት የቀረችው። ስባሪዎቹን ከቧንቧው ውስጥ ለቅሜአቸዋለሁ፤ ኖራ ለብሰዋል። ትንሽ ቢባል ሁለት ዓመት ይሆናቸዋል። በፍጥነት ስትነዳ እንደምንም ትችላለች፤ ቀስ ብላ ከሄደች ውሃው አይዞርም። ማን ምን ቢገጥምላት፣ ባይገጥምላት፣ ለውጥ የለውም።

እኔ፦ ሁለት ዓመት።

ሰውዬው፦ ቢያንስ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። መርፌዋ ስትወጣ ወዲያው ቢያቆሟት እኮ ፓምፕ ተቀይሮ ያልቅ ነበር። ሹፌሩ አላያትም እንዴ?

እኔ፦